ለስቅለት የተዘጋጀ ጉልበት

«በማን ላይ ነው የሞከሩት? መጀመሪያ እሱን ንገረኝ።»

«በብዙ ሰው ላይ ነው፣ እናቴ።»

«ብዙ ሰው ማለት ማን ማለት ነው? ወንዶች ናቸው ሴቶች? ጾመው ነው በልተው? ከመካከላቸው ልጇን የቀበረች አለች?»

አሠልጣኙ ከስልኩ ቀና አለ። ሲያነብላቸው የነበረው፣ ሰው አዲስ እንቅስቃሴ ሲማር አእምሮው ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያስረዳ ጥናት ነው። እንቅስቃሴው ሲለመድ፣ በትምህርቱ ጊዜ የተሰጠው ቃል ቀስ በቀስ ከሐሳብ ይጠፋል ይላል። እሳቸው ግን ለቀስ በቀስ የሚሆን ጊዜ አልነበራቸውም። ቀኑ የሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ነው፤ ስቅለት ዓርብ።

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ነበር የመጡት። ሕማማት ስለሆነ አልሳሙንም። ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን እንደተከናነቡ፣ ጥቁሩ ምንጣፍ መሀል ቆመዋል። አንድ የውጭ ድርጅት ሠራተኛ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ የመሮጫው ማሽን ላይ ይሮጣል። እኛ ምን እንደምንባባል የሚያውቀው ነገር የለም። ቀናሁበት።

እኔ ጁባ ውስጥ፣ አማራት በሚባለው ሰፈር ባለ ሆቴል ጂም መግቢያው ላይ ነው የምሠራው። ፎጣ እሰጣለሁ፣ ማሽኖቹን እወለውላለሁ፣ ሰው ሲጠፋ ግጥም እሞክራለሁ። ከአሠልጣኙ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እሱ ጴንጤ ነው። ጠዋት ይጸልያል፣ ከዚያ ጥናት ያነባል፤ ሁለቱንም የሚያደርገው ግንባሩን አኮሳትሮ ስለሆነ የትኛው ላይ እንዳለ ከሩቅ መለየት አይቻልም። ያነበበውን ለደንበኛ በሚገባ አማርኛ መናገር ግን ያቅተዋል። «አንተ ገጣሚ ነኝ ትል የለ? አሳጥርልኝ» ይለኛል።

ሁላችንም እናቴ እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሴት ካስተም በሚባለው ገበያ ምግብ ቤት አላቸው። ልጃቸው ከዩጋንዳ በሚመጡት መኪኖች የሚጫነውን ዕቃ ይረከብላቸው ነበር። ካቻምና በዝናቡ ወራት ትኩሳት ያዘው፤ ዛሬ ይሻለዋል ነገ ይሻለዋል ሲባል ሞተ። በቀብሩ ላይ እንባ አልወጣቸውም። ሰው አወራ። «ምን ዓይነት ልብ ነው?» ሲባል እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን ለቅሷቸው የት እንዳለ ያውቁ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያለቅሱት ስቅለት ዕለት ሲሰግዱ ነው፤ ሌላ ቦታ አይሆንላቸውም። «ስወርድ ስነሳ፣ ስወርድ ስነሳ፣ ውስጤ ያለው ሁሉ ይፈሳል» ብለውናል። ስለዚህ የልጃቸውን ለቅሶ ለዚያ ቀን አቆዩት። አምና ቀኑ ሲደርስ ጉልበታቸው እንቢ አለ። ከአሮጊቶቹ ጋር የፕላስቲክ ወንበር ላይ ዋሉና፣ ደረቅ ዓይናቸውን ይዘው ተመለሱ።

ወደ ጂሙ የመጡት ለዚህ ነው። ሌላው ለመቅጠን ይመጣል፤ እሳቸው የመጡት ልጃቸውን ለማልቀስ ነው።

«ጴንጤ ሆነህ ስግደት ልታስተምረኝ?» አሉት በመጀመሪያው ቀን።

«እኔ ጉልበቱን ብቻ ነው፣ እናቴ። ሌላውን ለቄሱ ትቼዋለሁ።»

«ተው እንጂ! ቄሱም ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

ሥራውን በጥንቃቄ ያዘው። ስለ ጉልበት ያላነበበው የለም። ማሳረፍ ብቻውን እንደማያድን፣ ሸክሙን ጥቂት በጥቂት መጨመር እንደሚያጠነክር አውቆ ነበር። ጥናቶቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ቀኑን ሙሉ በጁባ ሙቀት ምድጃ ሥር የሚቆሙ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም እህል ውኃ የማይቀምሱ እንዳልሆኑ ገባው። ስለዚህ ልምምዱን ከምግብ በኋላ አደረገላቸው፤ ገበያ በሚበዛበት ቀን ደግሞ ጨርሶ አያስመጣቸውም። «ትንሽ ቢያምዎት አይፍሩ፤ በማግስቱ ከአልጋ ሲወርዱ እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ» ይላቸዋል። ከወንበር መነሳት፣ ከዝቅተኛ በርጩማ መነሳት፣ በመጨረሻ ከወለል። ሰውነት የሚበረታው በሚለማመደው ነገር ነው ብሎ፣ ራሱን ስግደቱን እዚያው መስታወቱ ፊት አለማመዳቸው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። «ጉልበትዎን እንዲህ፣ ዳሌዎን እንዲያ» ሲላቸው ይንገዳገዱ ነበር። ለሰው ስለ ገዛ አካሉ ከመንገር ከአካሉ ውጭ ስላለ ነገር መንገር ይሻላል የሚል አንብቦ፣ ወለሉን እንዲገፉ ሊነግራቸው ፈለገ። በአንቱታ ሲነገር ደግሞ ይረዝማል፤ ሰምተው ሳይጨርሱ እግራቸው ይቀድማል። ሻይ እየጠጣን ግሱን ጣልኩለትና ሦስት ቃል አስቀረሁ፦ «መሬቱን ወደ ታች።» በማግስቱ ሲሞክሩት፣ ግድግዳውን ሳይዙ ተነሱ። አሠልጣኙ አጨበጨበ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ድስት ሲያነሱ ሳይቀር እንደሚሉትና አብሳዮቻቸው እንደሚስቁባቸው ነገሩን። ስጽፍ ከኖርኩት ሁሉ ሰው በቃሉ የያዘልኝ ይህን ብቻ ነው።

«ትናንትም ሰገድኩ፣ ዛሬም ሰገድኩ» አሉ አሁን፣ ገና ሲገቡ «ቃልህ አልለቀቀኝም» ያሉትን ከሥሩ ሊያስረዱት።

«ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?»

«ጉልበቴን ተወው! ጉልበቴ የልጃገረድ ጉልበት ሆኗል።»

ፊቱ በራ። ወዲያው ሊደብቀው ሞከረ፤ እሳቸው ግን አይተውታል።

«ደስ ይበልህ» አሉት። «እኔ ልንገርህ የምሆነውን። ቄሱ ኪርያላይሶን ሲሉ እወርዳለሁ። ግንባሬ መሬት ሲነካ ልጄን ላስበው እላለሁ። ልነሳ ስል አንተ ትመጣለህ። ‹መሬቱን ወደ ታች› ትለኛለህ። እነሳለሁ። እወርዳለሁ፣ ደግሞ ትመጣለህ። አጠገቤ ያለችው ልጅ እንባዋ ወለሉን አርሶታል። እኔ ወለሉን እየገፋሁ ነው።»

«ያልፋል፣ እናቴ። ጥናቱም…»

«ዓርብ እኮ ነው ስቅለቱ! እስከ ዓርብ ያልፋል?»

አይቻልም ማለት አሠልጣኙን እንደከበደው ከትከሻው ያስታውቅ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያስገባኸውን አውጣልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ጉልበቴ ይመመኝ፣ ችግር የለም።»

ማሽኑ ላይ ያለው ሰው ፍጥነቱን ጨመረ፤ የእግሩ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

አሠልጣኙ ሊረዳቸው ከልቡ እየፈለገ፣ «ቃሉን በሌላ ቃል መተካት ይቻላል» አለ። «በእሱ ፈንታ፣ ሲነሱ የልጅዎን ስም ይበሉ። ከእንቅስቃሴው ጋር ይያያዛል። እዚሁ ጥቂት ጊዜ ብንለማመደው…»

እኔም ያንኑ ሳስብ ነበር። ከሌላ ሰው አፍ ስሰማው ነው የዘገነነኝ።

«ስሙን?» አሉ። «ለመነሻ?»

«እንዲያ ማለቴ አይደለም…»

«ልጄን እዚህ መስታወት ፊት እየጠራሁ ልቁጠር?» አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። «ኸላስ፣ በቃ» አሉ፣ ሰው ከጠገበ በኋላ ተጨማሪ ለሚያቀርብ አስተናጋጅ እንደሚሉት። «ዓርብ ከአሮጊቶቹ ጋር እቀመጣለሁ።»

«ድነዋል እኮ፣ እናቴ! ምንም የሚያስቀምጥዎ ነገር የለም።»

«አውቃለሁ። ለፍተህብኛል፣ እግዜር ይስጥህ። ቁጭ ብዬ እንባው ይመጣ እንደሆነ አያለሁ።»

አንድ ጉልበታቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው ጫማቸውን አጠለቁ። ሲነሱ ምንም አልተደገፉም። አሠልጣኙ እንደ ልማዱ ጉልበታቸውን ሲያይ ቆየና ዓይኑን ወደ ስልኩ መለሰ። ወደ እኔ አላዩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፤ የብረቱ በር ከኋላቸው ተዘጋ።