ሞጣ «ይበል» ያለ ዕለት

ልጅ ሳለሁ፣ የቢቸና ልጆች ሁሉ «ተረት ተረት» ሲባሉ «የላም በረት» እያሉ ያድጉ ነበር። የእኛ ቤት ተረት ግን መግቢያው ሌላ ነበር። ራት ተበልቶ እጅ ከታጠብን በኋላ፣ የእናቴ አባት አባባ ልየው ያንን በጥቁር ጥብጣብ የተከፋፈለ ቀይ ጨርቃቸውን ምድጃው አጠገብ ያነጥፋሉ፤ ከቀንድ የተፈለፈሉትን ጠጠሮች ከከረጢት አውጥተው አንድ በአንድ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ንጉሥ አለ?» ይላሉ። «አለ!» እንላለን። «ተከቧል?» «ተከቧል!» «በሩ ስንት ነው?» «አንድ!» ብለን ስንጮህ ኩራዙ ራሱ የሚርገበገብ ይመስለኝ ነበር።

ጨርቁ የሰንጠረዥ ገበታ ነው። ያኔ፣ በንጉሡ ዘመን፣ በእኛ አገር ሰንጠረዥ የሚችል ሽማግሌ አይጠፋም ነበር፤ አባባ ልየው ግን ከመጫወት ይልቅ መፍጠር ይወዱ ነበር። «ሙሉ ጨዋታማ ማንም ይጫወተዋል፤ ጥበቡ መጨረሻው ላይ ነው» ይላሉ። ስለዚህ ገበታው ላይ የሚያስቀምጡት ጥቂት ጠጠር ብቻ ነው፤ አንድ የተከበበ ንጉሥ፣ አንድ የሚከብ ንጉሥ፣ ከሁለቱ ጋር የተረፈ ትንሽ ሠራዊት። ከባቢው የሚያሸንፍበት መንገድ አንድ ብቻ መሆን አለበት። እንዲህ ያለውን ድርድር «ፍጻሜ» ይሉታል፣ የማሸነፊያውን መንገድ ደግሞ «በር»። ፍጻሜ ሁሉ የራሱ ተረት ነበረው፤ ጠጠሮቹም ጠባይ ነበራቸው። በማዕዘን በኩል አንድ እርምጃ ብቻ የምትሄደው ፈርዝ ተንኮለኛ እመቤት ናት። ፈረስ ጉረኛ ጎረምሳ ነው። ወደ ኋላ መመለስ የማያውቀው እግረኛ፣ መደቅ የምንለው፣ ታማኝ አሽከር ነው።

ተረቱን ለመስማት ሁለት ነገር ማወቅ ግድ ነበር። አንደኛው፣ ንጉሥን በፈረስ መያዝ ይቻላል፤ ግን ነውር ነው፣ ክብሩ በመደቅ መያዙ ነው። ሁለተኛው፣ ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም፤ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይፈርሳል። «ብቻውን በቀረ ሰው ላይ እጁን የሚያነሳ ወንድ አይባልም» ይሉ ነበር አባባ፣ የወይራውን ጉማጅ ወደ ፍሙ እየገፉ።

ፍጻሜ ደግሞ ዳኛ አለው። የቢቸና ሰው የሠራው ሞጣ ሄዶ ይፈተናል፤ የሞጣውም ቢቸና ይመጣል። ዳኛው የተከበበውን ንጉሥ ይዞ ለማምለጥ ይሞክራል፤ ካላመለጠ ደግሞ ሁለተኛ በር ይፈልጋል። አንዱንም ካላገኘ ከመቀመጫው ተነስቶ «ይበል!» ይላል፤ ቃሉን ከቅኔ ቤት የተዋሱት ነው። አባባ ልየው በወጣትነታቸው ደብረ ወርቅ ቅኔ ቤት ከርመው ስለነበር ለዚህች ቃል የነበራቸው ስስት አይጣል ነው። የቢቸና ዳኛ እሳቸው ሆነው ሳሉ፣ በዕድሜያቸው ለማንም «ይበል» ብለው አያውቁም! ተሸንፈው እንኳ «ደህና ነው» ብለው ነበር የሚያልፉት።

የሞጣው ዳኛ ግራዝማች ደስታ ነበሩ፤ ረጋ ያሉ፣ ምላሳቸው ግን የሚቆርጥ ሰው። ነገሩ የተበላሸው አክስቴ ጥሩዓለም፣ የአባባ የመጨረሻ ልጅ፣ ሞጣ በተዳረች ጊዜ ነው። አባባ በሠርጉ ድንኳን ውስጥ፣ በስንት እንግዳ ፊት፣ አዲስ ፍጻሜ ዘረጉ። ግራዝማች ጥቂት አዩትና ፈረሱን አንስተው አንዴ ቢያዘልሉት ንጉሡ ተያዘ፤ ሁለተኛ በር፣ ያውም የነውር በር። «ልየው፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ እየሳቁ። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። አባባ ጨርቃቸውን ሰብስበው ተነሱና፣ «ሞጣ ‹ይበል› ሳይለኝ ዳግመኛ የሞጣን አፈር ብረግጥ፣ ጊዮርጊስ ይፍረድብኝ!» ብለው ማሉ። በቅሏቸውንም አስጭነው በዚያው ወጡ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ዓመታት አለፉ፣ እሳቸው አልረገጡም። ከዚያ በኋላ የላኳቸውም ፍጻሜዎች እየወደቁ ተመለሱ። አክስቴ ብዙ ዘመን ልጅ አጥታ ኖራ አንድ ክረምት መጨረሻ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ያኔ እህል ነጋዴው አባቴ ከሞጣ መልእክቷን ይዞ መጣ። «ለክርስትናው አባቴ ካልመጣ፣ ልጄን ማን ታቅፎ ይመርቅልኝ?» ብላለች። እናቴ አለቀሰች። የነፍስ አባታችን ተጠርተው መጡና «ልየው፣ መሐላ እኮ በንስሐ ይፈታል» ቢሏቸው፣ «አባ፣ ያሰርኩት በሰንጠረዥ ነው፤ የምፈታውም በሰንጠረዥ ነው» ብለው እርፍ! እኔ እንዲህ ያለ ግትር ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ማታ ግን፣ ሁላችንም የተኛን ሲመስላቸው፣ «ጥሩዬ፣ ጥሩዬ» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

እንግዲህ ክርስትናው ሳይደርስ የማይወድቅ ፍጻሜ መሥራት ነበረባቸው። በየምሽቱ ያንኑ አንድ ተረት እያሻሻሉ ይነግሩን ጀመር። አንድ ንጉሥ ነበረ፤ ሠራዊቱ አልቆ ከአንድ አሽከር በቀር ሰው አልቀረውም። ጠላቶቹ ከበቡት፤ ፈርዝ ከደጃፉ ቆማ ዘጋችበት። አሽከሩ ጌታውን ይወዳልና ጎራዴውን መዝዞ ሊዋጋ ይሮጣል፤ እሱ ሲሮጥ የጠላት መደቅ አድብቶ ይጠጋና ንጉሡ ይያዛል። አባባ ይህን ሲሉ መደቋን በሁለት ጣታቸው ወደ ፊት ገፋ አድርገው፣ በኩራዙ ብርሃን የእያንዳንዳችንን ፊት ያያሉ። ወንድሞቼ ያጨበጭባሉ። እኔ ግን አንድ ምሽት ነገሩ አልዋጥልኝ አለ።

«አባባ፣ አሽከሩ ጌታውን ይወዳል አላሉም?»

«ይወዳል።»

«ታዲያ ከሚዋጋ ለምን አይሞትለትም?»

ዓይናቸው ከእኔ ወደ ገበታው ወረደ። አሽከሩን አነሱና አንድ እርምጃ አስኪደው ፈርዟ አፍንጫ ሥር አስቀመጡት። ፈርዝ ብትበላው ንጉሡ ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የቀረ ደግሞ አይያዝም። ብትሸሸው ደጃፉ ይከፈታል፣ ንጉሡም ያመልጣል። ፍጻሜው ፈረሰ። በተረታቸው ሁሉ አሽከር ሲዋጋ እንጂ ራሱን ለመበላት ሲያቀርብ አስበውት አያውቁም ነበር፤ የገዛ ተረታቸው ነው ያታለላቸው።

እኔ የምመሰገን መስሎኝ ፈገግ ብያለሁ። «ውጪ! ከዚህ ምድጃ ራቂ! ምላስሽን ብቻ እንደ ጎራዴ…» ጨርቁን ከነጠጠሩ ጠቅልለው ወደ መኝታቸው ገቡ። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እኔ እንባዬ እየወረደ ተኛሁ፤ የአክስቴን ልጅ ክርስትና ያበላሸሁት እኔ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ስንት ቀን አኮረፉኝ! ተረትም ቀረ። ምድጃው ዳር ተቀምጠው በባዶ ጨርቅ ላይ ያፈጥጣሉ። አንድ ማለዳ ግን ጓሮ፣ በረቱ ጋ፣ ላሚቱን ሳስወጣ ከኋላዬ መጡ። ላሚቱ ጥጃዋን ከውሻችን ልትከላከል ብላ በሩ ላይ ተገትራ ቆመች፤ ጥጃው ከውስጥ ይጮሃል፣ በእናቱ ሥር መውጫ የለውም። እኔ በአለንጋ ላባርራት ስል አባባ እጄን ያዙኝ።

«ተያት! ተያት የሺ፣ አትንኪያት!» አሉ። «አየሽ? በፍቅሯ ዘጋችበት። ፈርዟ መብላትም መሸሽም የለባትም። ትበላ! አሽከሩ ይብላት! በልቷት ሲያበቃ የት ይቆማል?»

«በቦታዋ።»

«ቦታዋ የት ነው?»

«የንጉሡ ደጃፍ ላይ።»

«በቃ!» ብለው በዚያ ዕድሜያቸው ጭቃው ላይ ዘለሉ። እውነትም አሽከሩ ፈርዟን በልቶ የጌታውን መውጫ ራሱ ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ መደቋ አንድ እርምጃ ብትገፋ አለቀ። ይህ እንዲሆን ጥቂት ጠጠሮች ቦታ ለወጡ፣ ተረቱም ተለወጠ።

ፍጻሜ በወረቀት አይላክም። ተረቱን ከነድርድሩ በቃሉ ያጠና ሰው ይዞት ይሄዳል፤ ዳኛው ፊት ይዘረጋዋል፣ የከባቢውንም ወገን እሱ ይጫወታል። ይህ የአባቴ ሥራ ነበር። አባባ ግን «አንተ እህልህን ሽጥ። የገበታውን ፈረስና ፊል፣ ዝሆኑን እንኳ፣ ለይተህ አታውቅም። የሺ ትሂድ» አሉ። አባቴ ተቆጣ፤ ሴት ልጅ ሽማግሌ መሃል! እሳቸው ግን ከረጢቱን አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ።

ከአባቴ ጋር በጭነት መኪና፣ በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሞጣ ገባሁ። ግራዝማች ደስታ ግቢ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። አክስቴ ልጇን እንዳቀፈች ከአጥሩ ጥግ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ እኔን ሲያዩ ሳቁ። «ልየው ወንድ አለቀበት?» አለ አንዱ። ግራዝማች እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙና «ሰንጠረዥ ሴት ወንድ አይልም። ደርድሪ ልጄ» አሉኝ።

ደረደርኩ። አፌ መቼም አይደነግጥም። ጉሮሮዬን እንደ አባባ ጠርጌ «ንጉሥ አለ?» አልኩ። ከአጥሩ ጥግ የአክስቴ ድምፅ ብቻ «አለ!» አለ።

ተረቱን እየተናገርኩ ተጫወትን። ተመልካቹ እንደ ልማዱ ይጮሃል፤ ወዲህ በል፣ ወዲያ በል ይላቸዋል። ግራዝማች ሠርጉን አስታውሰው አስቀድመው በእኔ ፈረስ ሁለተኛ በር ሞከሩ፤ አልሆነም፣ የነውሩ በር ተዘግቷል። ከዚያ ጢማቸውን ዳብሰው ፈገግ አሉና አሽከሩን አንድ እርምጃ አስኪደው ፈርዜ ፊት አቆሙት። «ይኸው፣ ብዪው» አሉ። ሁሉም «ሃ!» አለ። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ።

እኔ ግን አልበላሁም፤ አልሸሸሁምም። የራሴን ንጉሥ በቀስታ አንድ እርምጃ አስጠጋሁ። ግራዝማች ገበታውን ረጅም ጊዜ አዩት። ሌላ መንገድ ፈለጉ፣ አጡ። አሽከሩን አነሱ፣ ፈርዜን በሉ፣ በቦታዋም አቆሙት። ያኔ መደቋን በሁለት ጣቴ አንድ እርምጃ ገፋኋትና «አሽከሩ ጌታውን ስለሚወድ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ ጌታው ግን በየት ይውጣ?» አልኩ።

ግራዝማች ጠጠሮቹን ወደ መነሻቸው መልሰው በሌላ በኩል ሞከሩ፤ ደግመው ሞከሩ። ሁለተኛ በር የለም። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አስተካከሉና «ይበል!» አሉ። «ይበል! ልየው ይበል!» ሽማግሌው ሁሉ ተነስቶ ተቀበላቸው፤ አክስቴ እልልታዋን ስታቀልጠው ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። እኔ ደግሞ፣ አልዋሽም፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለስንት ወር መሬት አልበቃኝም።

ግራዝማች ደስታ አባባን የሚያመጣ ሰው ከገዛ በቅሏቸው ጋር ቢቸና ሰደዱ። አባባ ሞጣ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ከበቅሎዋ ወርደው አፈሩን በእግራቸው መታ መታ አደረጉት፤ «አሁን ረገጥኩሽ!» አሉ። ግራዝማች እየሳቁ አቀፏቸው። በክርስትናው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሕፃኑን ታቅፈው መርቀው ሲያበቁ፣ አክስቴ ጉልበታቸውን ስማ አልላቀቅ አለች። እሳቸውም አለቀሱ፤ ያን ሁሉ ዘመን የደበቁትን በአደባባይ አለቀሱት።

ከዚያ ሁሉም ዝም እንዲል ጠየቁ። «ግራዝማች ‹ይበል› ያሉት ለእኔ ነው፤ ተቀብያለሁ» አሉ። «ግን ይህ ፍጻሜ አንድ ምሽት እዚያው ምድጃዬ ዳር ፈርሶ ነበር። ያፈረሰችው ይቺ ናት። ባታፈርሰው ኖሮ እናንተ ፊት ይፈርስ ነበር፤ እኔም ይህን ልጅ ሳላየው እሞት ነበር።» ሕፃኑን ለእናቱ ሰጡ። ወደ እኔ ዞረው ቆሙ፣ ጋቢያቸውን እንደ ዳኛ አስተካከሉ፣ እኔ ምን ሊሉ ነው እያልኩ ስጨነቅ፣ በዕድሜያቸው ለማንም ያላሏትን ቃል «ይበል፣ የሺ!» አሉኝ።

ያ ሕፃን ዛሬ ሽበት አውጥቷል። ቀዩ ጨርቅ እኔ ዘንድ ነው፤ የምድጃው ጭስ ሽታ ከክሩ አልወጣም። ብዙ ነገር ተሳክቶልኛል፣ ብዙ ተመስግኛለሁ፤ ግን ሰው ሲያመሰግነኝ አሁንም ከልቤ የምሰማው የአባባ ልየውን ድምፅ ነው። የልጅ ልጆቼ ምሽት ላይ ተሰብስበው «በሩ ስንት ነው?» ስላቸው «አንድ!» ይላሉ። ትንሿ ግን አንዳንዴ «እርግጠኛ ነሽ?» ትለኛለች፤ ያን ጊዜ ጠጠሮቹን ደግሜ ደርድሬ፣ አፏን አላስዘጋትም፣ አያለሁ።