የብኸይታ ማሽላ

ብኸይታ ባሏ ከሞተ ወዲህ በገበቴ ወርቅ እያጠበች አንድ ልጇን ጁምዓን ለጎልማሳነት ያበቃች የበርታ ሴት ነበረች። በ፲፰፻፺ ዓ.ም. ከደጋ የወረደው ጦር ከአሶሳ አጠገብ ወንዝ ማዶ ሲሰፍር፣ መንደሩ ከብቱንና ልጁን ይዞ ከማሳው በላይ ካለው ዓለት ላይ ወጣ። የደረሰው ማሽላ ሜዳ ላይ ቀረ።

በአሥረኛው ቀን ከጦሩ ሰፈር መልእክተኛ መጣ፤ ቡልኮ ለብሶ፣ አሞሌ ጨው አስጭኖ። ሽማግሌው ዐወድ ተቀብለው አበሉት። እንግዳውም ጌታው ግብር እንጂ ደም እንደማይሻ፣ ያለ ስጋት ወርደው አዝመራቸውን እንዲሰበስቡ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ዓለቱ በወሬ ተናጠ። አንዱ ጦሩ በንዳድ አልቋል ይላል፤ ሌላው ደርቡሽ ከኋላ መጥቶበት ነው የታረቀን ይላል። ቀልደኛው ረጀብም ደገኞቹ በቆላው ሙቀት ከአሞሌያቸው ቀድመው ሊቀልጡ ነው እያለ ያስቃል። ፈሪ የሚወደውን ወሬ ሲያገኝ እንዴት ይጣፍጠዋል!

ብኸይታ አልሳቀችም። ወርቅ አጣቢ ውሃውን አይታ አትፈርድም፤ ደፍታ የቀረውን ታያለች። እሷ ዘንድ የቀረው እንግዳው እየበላ የጠየቀው ነገር ነው፦ በአጨዳ ደቦ ቀን ወንዶቹ ጦራቸውን የት ያኖራሉ? ረጀብ ሳይጠረጥር ነግሮታል። ጦር ይዞ ማሽላ የገባ በረከቱን ያባርራል፤ ስለዚህ ጦር ሁሉ እላይ ይቀራል።

«አባ ዐወድ፣» አለች፣ «ግብር የሚፈልግ ሰው የጦራችን ማደሪያ ምን ያደርግለታል?»

«አንቺ ሴት፣ ወደ ገበቴሽ። ልጆቹ ተርበዋል።»

«እንግዲያው ጦር ይዘው ይውረዱ።»

«የአባቶቻችንን ሕግ በአንቺ ፍርሃት እናፍርስ?»

ሽማግሌ ተብዬው! ሕጉን ያውቃል፤ ጠላት ሕጉን እንዳወቀበት ግን አያውቅም።

ልጇን ለመነችው። ጁምዓ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ማጭዱን ሳለ።

ደቦው የሚጀመረው ከእሷ ማሳ ነበር። ጎሕ ሲቀድ በገል ፍም ይዛ ቀድማ ወረደች፤ የዓመት ቀለቧንም ለኮሰችው። እሳቱ ሲንጣጣ ቁልቁለቱን ከጀመሩት አጫጆች ስድብ ወረደባት። ጁምዓ ሳይቀር አበደች አለ።

ያን ጊዜ ፈረሶች አሽካኩ። ከወንዙ ማዶ አልነበረም፤ ከማሳው ጫፍ፣ ከደረቁ ጅረት ውስጥ ነው። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከሣሩ እየተነሡ ከእሳቱ ሸሹ። ስድቡ ተቋረጠ። አጫጆቹ ማጭዳቸውን እየጣሉ ሽቅብ ሮጡ።

ከጭሱ ወዲያ ቡልኮ የለበሰው ሰው በቅሎው ላይ ሆኖ በጣቱ አመለከታት። ከእሷ ማሳ ወደ ቁልቁለቱ የሚያወጣውን መንገድ ፈረሰኞች ዘግተውታል። ብኸይታ አልሮጠችም። አንገቷን አቅንታ፣ ጁምዓ የላይኛውን ድንጋይ እስኪጨብጥ እርምጃውን ትቆጥር ነበር።