እትዬ ሣጥንና ማንም ያልነገራት ሽታ

እስቲ ይህን ሣጥን ተመልከቱት። ዙሪያውን ውስጡን በሚያሳይ ፕላስቲክ የተሠራ፣ የአልጋ ያህል ርዝመት ያለው ነው። ከፊቱ ሁለት ረጃጅም የጎማ ጓንቶች ወደ ውስጥ ተዘርግተዋል፤ በጓንቶቹ ውስጥ የሴት እጆች አሉ። ሣጥኑ በናይትሮጅን ተሞልቷል፣ ኦክስጅን የሚባል ግን ዝር አይልበትም። ለእኛ ሕይወት የሆነው አየር እዚያ ውስጥ ላሉት መርዝ ነው።

የእጆቹን ባለቤት የላቦራቶሪው ባልደረቦቿ «እትዬ ሣጥን» ይሏታል። ሲጠሯት ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ግማሽ ዕድሜዋን እጇን እዚያ ውስጥ ከትታ ኖራለች። የምታሳድገው በሰው ትልቅ አንጀት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። በማጉያ ሲያዩት ቀጭን ዘንግ ይመስላል። ክፉ ቀን የሚያሳልፍበት ጠንካራ ቅርፊት አልተሰጠውም፤ አየር ካገኘው ብዙ ሳይቆይ ይሞታል።

ባክቴሪያ ሲባል ፊታችሁን የምታጨማድዱ፣ ስሙኝ! ይህ ፍጥረት በሽታ አይደለም። ሆዳችን መፍጨት ያቃተውን የአትክልትና የጥራጥሬ አሰር ጎረቤቶቹ የሆኑ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይሰባብሩታል። ከእነሱ የሚተርፈውን አሲቴት የተባለ ነገር እሱ ይወስድና፣ ኦክስጅን ሳያስፈልገው፣ በማብላላት ብቻ፣ ቡቲሬት ያደርገዋል። ቡቲሬቱን ደግሞ የአንጀታችን ግድግዳ ይመገበዋል። ግድግዳው ያንን ምግብ ሲያቃጥል በአካባቢው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ የባክቴሪያው ቤት አየር አልባ ሆኖ ይቆይለታል። እሱ ያበላል፣ ግድግዳው ቤቱን ይጠብቅለታል። ጉርብትና ማለት ይህ ነው! እኛ በአንድ ደረጃ እየወጣንና እየወረድን ሰላምታ የምንነፋፈግ ሰዎች ምን እንባል?

በብልቃጥ ውስጥ ለብቻው ሲያድግ ግን ይህ ባክቴሪያ ይከሳል። ጎረቤት የለውማ። ስለዚህ አሲቴቱን እትዬ ሣጥን በእጇ ትሰጠዋለች።

ታዲያ ቡቲሬት አሲድ ሲነካው ይከረፋል። የከረመ ቅቤ አስቡ፣ ትውከት ጨምሩበት። መጠኑን ለመለካት ናሙናው ላይ አሲድ ስትጨምር ክፍሉ በሙሉ ይገማል። ለእሷ ይህ የምሥራች ነበር፤ ባክቴሪያው በልቷል ማለት ነዋ። አፍንጫዋም ከለመደው ቆይቷል።

ነጭ ጋውኗን ቤቷ ወስዳ ከሌላው ልብሷ ጋር በአንድ ሳፋ ትዘፈዝፋለች። በሳሙና ስታሸው ሽታው ይተኛል። ከዚያ ነጩ እንዲጠራ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት፣ በመጨረሻው ውኃ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ታደርጋለች። ኮምጣጤ ደግሞ አሲድ ነው! ሳሙናው ያስተኛውን ይቀሰቅሰዋል። ቀኑን ሙሉ በሥራዋ የምታደርገውን በሳፋዋም እየደገመችው መሆኑ አልታያትም። ልብስ ሲያጥብ ማን ኬሚስትሪ ያስባል?

አውቶቡስ ውስጥ ሰው ቆሞ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶውን ይሄዳል። ያንን ችላው ነበር። ያልቻለችው የእህቷን ነው። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ እናትና አባትም አልፈዋል። በዚህ ዓለም ያላት አንዲት ታናሽ እህት፣ የእህቷ ባልና ሁለት ሴት ልጆቻቸው ናቸው። እሑድ ምሳ እነሱ ዘንድ ነበር። በሳምንት ውስጥ ከሰው ጋር የምትበላው ያንን ብቻ ነው። ከዚያ በስልክ ሰበቡ ጀመረ።

«እታለም፣ የዚህን እሑድ እንለፈው። ልጆቹ ፈተና አላቸው።»

«ፈተና ያለበት ሰው ምሳ አይበላም?»

«አይ፣ ማለቴ… እንግዳም አለብን።»

«እኔስ ምንድን ነኝ?»

«አንቺማ ቤተኛ ነሽ! ለዚህ እኮ ነው ሳልሸፋፍን የምነግርሽ።»

ሳትሸፋፍን! በቀጣዩ ሳምንት ቧንቧ ፈነዳ፣ ከዚያ ባልየውን ጉንፋን ያዘው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ገና ደጅ ላይ ድምፅዋ ሲሰማ መስኮት ይከፈት ነበር፤ ስትወጣ የወንበሩ ልብስ ተገፍፎ ይታጠብ ነበር። ቤቱ በሙሉ ያውቃል። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ምን አጠፋሁ እያለች ራሷን መረመረች። ቀልዴ ከበዳቸው? ለልጆቹ የገዛሁት ጫማ ጠበበ? ስልኩን ታነሳና ሳትደውል መልሳ ታስቀምጣለች። እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ባዶ ላቦራቶሪ ሄዳ እጇን ጓንቱ ውስጥ ትከትና ብልቃጡን «አንተ እንኳ ብላ» ትለዋለች። አንጀት ይበላል። በመጨረሻ «ካልፈለጉኝ አልለጠፍባቸውም» ብላ ወደ ሌላ ከተማ እንድትዛወር አለቃዋን ጠየቀች።

ዝውውሩ ከተፈቀደ በኋላ፣ የናይትሮጅን ሲሊንደር የሚያመጣው ሰውዬ፣ አፈ ክፍት የሚባለው፣ በሩ ላይ ቆመ።

«እትዬ፣ ልትሄጂ ነው አሉ። ሳልነግርሽ ብትሄጂ ይቆጨኛል። አትቀየሚኝ።»

«ምንድን ነው?»

«ትሸቻለሽ።»

«እኔ? ሣጥኑ ይሆናል።»

«ሣጥኑማ ድፍን ነው! አንቺ ነሽ። ካንቺ በኋላ ሊፍት ውስጥ ስገባ፣ ተከትሎኝ የሚገባ ሁሉ እኔን ይገላምጠኛል። ስንት ጊዜ ባንቺ ሽታ ስሜ ጠፋ!»

መጀመሪያ ተቆጣች። ቀጥሎ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረ። ታጥቦ የመጣውን ጋውን ከቦርሳዋ አውጥታ «ይኼስ?» አለችው።

«ኧረ ሴትዮ፣ ልታስመልሺኝ ነው!»

ኮምጣጤው ያኔ ትዝ አላት። ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። ያላትን ልብስ በሙሉ አሲድን በሚያበርደው በቢካርቦኔት አለቀለቀችና እሑድ፣ ሳትደውል፣ እህቷ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችው እህቷ ናት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እህት ስለምን እንደሆነ አልጠየቀችም። «ይከፋሻል ብዬ።»

«ብቻዬን ስቀርስ ደስ የሚለኝ መሰለሽ?»

«እመኚኝ እታለም፣ አፌ ድረስ ይመጣና…»

«ዋጥሽው። እኔ ደግሞ ለብቻዬ በላሁ።»

ገባች፣ ተቀመጠች፣ ምሳ ቀረበ። ባልየው ላቡን እየጠረገ ስለ ኳስ ለፈለፈ። ልጆቹ እንደ ባዕድ እንግዳ ዳቦ አቀበሏት። ሽታው የለም፤ እፍረቱ ግን ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ማንም ዐይኗን ማየት አልደፈረም። ሽታ በቢካርቦኔት ይለቃል፤ ሰው የበደለውን ሰው ሲሸሽ ግን ምን ያስለቅቀዋል? በቀጣዩ እሑድም ስልኩ አልጮኸም። ቀድሞ የሸሿት ከሽታዋ የተነሣ ነበር፤ አሁን የሸሿት ከራሳቸው ኀፍረት የተነሣ ነው። ለእሷ ሁለቱም ያው ባዶ ወንበር ነው። ሻንጣዋን አንስታ ወደ ተዛወረችበት ከተማ ሄደች።

ይሉኝታ ጨዋነት ነው የምትሉኝ፣ ተዉኝ እባካችሁ! ሰውን ላለማስከፋት ብሎ ብቻውን መተው ጨዋነት ከሆነ ባለጌነት ይሻለናል። ከእሷ ስም ይልቅ የአፈ ክፍቱ ስም ነው የጠፋው፤ እውነቱን የሰጣት ግን እሱ ብቻ ነው፣ ያውም ዘግይቶ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምክንያቱን ሳያውቅ የሸሻችሁት ሰው ካለ፣ ነገሩን ከሌላ ሰው ጋር ማማት ትታችሁ ዛሬውኑ ለራሱ ንገሩት። ነግራችሁትም አትውጡ፤ አጠገቡ ተቀመጡ፣ አብራችሁትም ብሉ።