ፈረንሳይን ያዳነው የመዝገብ ቤት ሹም

ማርሻሉ በሕይወቱ ሰው አዝዞ አያውቅም። በውሃ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ ከሥሩ የነበረችው አንዲት ተላላኪ ብቻ ናት፤ እሷም ፋይል አምጪ ሲላት «አንተ እጅ የለህም?» ነበር መልሷ። ማርሻል የሚለውን ስም ያወጣንለት እኛ የቅዳሜ ጓደኞቹ ነን። ለሹፈት ያወጣነውን እሱ እንደ ሹመት ተቀበለው። እንዲያውም አንድ ቀን «ፊልድ የሚለውን ለምን ተዋችሁት?» ብሎ ጠይቆናል።

ወታደር ለመሆን አንድ ጊዜ ሞክሯል። በሃያ ዓመቱ ምልመላ ሄደ፤ ሐኪሙ እግሩን ውሃ ውስጥ አስነክሮ ደረቅ ወለል ላይ አስቆመው፤ የተወውን ዱካ አየና «ቀጣይ!» አለ። እግሩ እንደ ዳክዬ ጠፍጣፋ ነው። ታሪኩ ይኸው ነው። እሱ ግን በየጊዜው ያሳምረዋል። ሚስት ሲያገባ «ጤናዬ አልፈቀደም» ነበር የሚለው፤ አርባ ሲሞላው «ከአንድ ኮሎኔል ጋር ስላልተስማማሁ» ሆነ፤ አሁን አሁን ደግሞ «ለሲቪል አገልግሎት ስለተፈለግሁ» ይላል። የውሃ ቆጣሪ ያለ እሱ የማይዞር ይመስል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የምንሰበሰበው እኔ ጋ ነው። እኔ የማስታወቂያ ሰሌዳ ጸሐፊ ነኝ። ከሥራ ቤቴ ጀርባ ያለችው ክፍል ቀለምና ነጭ ጋዝ ብትሸትም ለአራት ሰው ትበቃለች። አንዱ እኔ ነኝ፣ ሁለተኛው ማርሻሉ፣ ሦስተኛዋ ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት ቤት ያላት ፋርማሲስት። አራተኛው የማርሻሉ ሚስት ታላቅ ወንድም ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ጋሼ በእውነተኛ ጦርነት ስድስት ዓመት የስንቅ መኪና ነድቷል። ስለዚያ ጦርነት ግን ከአፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም። የጦር ሜዳ ወሬውን ሁሉ የሚያወራልን ያልዘመተው ነው።

የምንጫወተው ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ነው። ሰሌዳው የአውሮፓ ካርታ ሲሆን እያንዳንዱ አገር በየቀለሙ ጠጠሮች አሉት፤ እግረኛ፣ ታንክ፣ አውሮፕላን። ዳይስ ይወረወራል፣ የሚሞተው ይሞታል። ጨዋታው የሚከፈተው ጀርመን ፖላንድን ጨርሳ ሙሉ ኃይሏን ወደ ፈረንሳይ ባዞረችበት ጸደይ ነው። ማርሻሉ ደግሞ ሁልጊዜ የሚይዘው ፈረንሳይን ነው። ለምን እንደሆነ አይታወቅም፤ የመኮንኖቹን ኮፍያ ወዶ ይመስለኛል። ፋርማሲስቷ ጀርመንን ትይዝና በአራተኛው ዙር ፓሪስ ትገባለች። ከዚያ እሱ እጁን አጣጥፎ፣ እኛ ስንጫወት እያየ፣ ማን ምን ማድረግ እንደነበረበት ሲያስረዳን ይውላል።

አሥራ አንድ ቅዳሜ በተከታታይ ተሸነፈ። በአሥራ አንደኛው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ።

«ጥፋቱ የኔ አይደለም» አለ። «ጥፋቱ የመነሻ አሰላለፉ ነው። ይሄ ጨዋታ የሚጀምረው ፈረንሳይ ካለቀላት በኋላ ነው።»

«ታዲያ መቼ ይጀመርልዎት?» አለች ፋርማሲስቷ።

«ስምንት ወር ቀደም ብሎ! የጀርመን ጦር ፖላንድ ውስጥ ተጠምዶ፣ የምዕራቡ ድንበር ሳስቶ ሳለ። ፈረንሳዮቹ ያኔ ትንሽ ገባ አሉና ተመለሱ። ባይመለሱስ ኖሮ?»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ልስቅ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፤ ጥያቄው ጥሩ ነበር። በማውቀው ዘመን ሁሉ ከአፉ የወጣ ብቸኛው ጥሩ ጥያቄ ነው። ችግሩ፣ ጥሩ ጥያቄ ማርሻሉ እጅ ሲገባ ሕፃን እጅ እንደገባ እንቁላል መሆኑ ነው።

በማግስቱ የሚስቱን ጠረጴዛ ወረረ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ የምትቆርጠው በዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። እሱ ካርታ ዘረጋበት፣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሳቸውን መጻሕፍት ደረደረበት፣ ጠጠሮቹን አሰለፈበት፤ አቧራ እንኳ እንዳይጠረግ ከለከለ። ሰባት ወር! አንድ ቀን ለአሰላለፉ ወረቀት የሚሆን ቀለም ላሳየው ስሄድ ባልና ሚስቱ ተፋጠው አገኘኋቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠረጴዛዬን መቼ ነው የምትለቅልኝ?»

«የራይንን ወንዝ እስክሻገር ታገሺኝ።»

«እኔ የሙሽራ ቀሚስ አልጋ ላይ ነው የምቆርጠው። አንሶላውንም አብሬ ቆርጬዋለሁ።»

«የዓለም ታሪክ እኮ ነው...»

«የዓለም ታሪክ ይቆየኝ። ሙሽሪት ሐሙስ ትመጣለች።»

አዲሱን አሰላለፍ በትልቅ ወረቀት ላይ በቀለም የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ድንበሩን የተሻገሩት ፈረንሳዮች ዘጠኝ እግረኛና ሁለት ታንክ ነበሩ፤ የጀርመን ጠባቂዎች አምስት። በሦስተኛው ሳምንት መጣና «ዘጠኙን አሥራ አንድ አድርገው» አለ። አደረግሁ። ቀጥሎ አሥራ አራት። ታንኮቹ አራት ሆኑ። ጀርመኖቹ በየሳምንቱ እየመነመኑ ሦስት ቀሩ፤ በሽታ የገባባቸው ነበር የሚመስሉት።

«በምን ምክንያት ነው የሚጨምሩት?» አልኩት።

«በአዲስ ጥናት መሠረት።»

«የማን ጥናት?»

«የኔ።»

ያን ቀን ጋሼ ጥግ ይዞ ሻይ እየጠጣ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠና ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«እነዚህ አሥራ አራቱ ምን ይበላሉ?» አለ።

ማርሻሉ ፈገግ አለ፤ ተማሪው የሞኝ ጥያቄ የጠየቀው አስተማሪ ይመስል። «ጋሼ፣ ይሄ ስትራቴጂ ነው። ምግብ ቤት አይደለም።»

ጋሼ ብርጭቆውን አነሳ። ዝም አይነቅዝም።

የፍልሚያው ቅዳሜ ደረሰ። ማርሻሉ ክራቫት አስሮ መጣ። ሚስቱም ተከትላው መጣች፤ «ሰባት ወር ጠረጴዛዬ ላይ የተፈለፈለውን ጫጩት ልየው» ብላ። እሱ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ንግግር አደረገ። ስለ አውሮፓ ዕጣ ፈንታ፣ ስለ ጄኔራሎች ፍርሃት፣ «የታሪክን ስህተት ስለማረም» ተናገረ። ፋርማሲስቷ እንደ ልማዷ ጀርመንን ያዘች። «አዝንልዎታለሁ» አላት። እንግሊዝ ለኔ ደረሰችኝ። ጋሼ የደንቡን መጽሐፍ ይዞ ዳኛ ሆነ።

በመጀመሪያው ዙር ማርሻሉ ዳይሱን ሲወረውር ሦስቱም ጀርመኖች አለቁ። ጮኸ። በሁለተኛው ዙር ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ውስጥ ገባ፤ አንድም ጠጠር ከኋላ አልተወም።

«መግቢያው ላይ ሁለት እንኳ ይተዉ እንጂ» አልኩት። ሎሬን የምትባለው ጣት የምታህል ቦታ፣ ጦሩ ያለፈባት፣ ባዶዋን ቀርታ ነበር።

«የፈረንሳይ ጦር ወደ ኋላ አያይም!»

ፋርማሲስቷ አልተዋጋችም። ሐኪም የጻፈውን ማዘዣ እንደምታነብ ሰሌዳውን አነበበች፣ አፈገፈገች፣ ከፖላንድ ሁለት ታንክ በባቡር አስመጣች። በሦስተኛው ዙር ሁለቱን ታንኮች በጎን አሹልካ ሎሬን ላይ አስቀመጠች። ሻይዋንም ጠጣች። ማርሻሉ ሳቀ። «ሁለት ታንክ ለአሥራ አራት ክፍለ ጦር!» እኔ ከእንግሊዝ ጦር ልላክልዎት ብለው እጁን አወናጨፈ። በአራተኛው ዙር ወደ በርሊን ገሰገሰ፤ ፊቱ ቀልቶ፣ ክራቫቱ ተጣሞ።

ዙሩ ሲያልቅ ጋሼ መጽሐፉን ገለጠ። «ደንብ አሥራ አንድ» አለ። «ከአገሩ የሚያገናኘው መንገድ ለሁለት ዙር የተዘጋበት ጦር ከሰሌዳው ይነሳል።» ከዚያ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው እንደሚያነሳ እያነሳ ቆርቆሮው ውስጥ ከተታቸው። አሥራ አራቱንም። አራቱን ታንክም።

ማርሻሉ ይህን ደንብ አያውቀውም ነበር። እንዴት ይወቀው? ከድንበሩ ማዶ ሁለት ዙር ቆይቶ አያውቅማ። በድሮው አሰላለፍ ፈረንሳይ በአራተኛው ዙር ትወድቃለች። በአዲሱም፣ ከሰባት ወር ጥናት በኋላ፣ በአራተኛው ዙር ወደቀች።

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» አለች ሚስቱ፣ ቦርሳዋን እያነሳች።

«ደንቡ ነው ስህተቱ!» አለ ማርሻሉ። «ለዚህ አሰላለፍ አይሆንም። ደንብ አሥራ አንድ ይሰረዝ።»

ያኔ ጋሼ ተናገረ። በስድስት ዓመት ትውውቃችን ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«አንድ ጊዜ ድልድይ ተሰብሮብን ዘጠኝ ቀን ቆመናል። ከወንዙ ማዶ ሁለት መቶ ሰው ነበር። ብስኩቱ እኔ መኪና ላይ ነው። በዓይኔ አያቸዋለሁ፤ እነሱም መኪናዬን ያያሉ። በመጀመሪያ ቀን ይሰድቡን ነበር፣ በአምስተኛው ቀን እጃቸውን ያወዛውዙ ነበር። ከዚያ ማወዛወዙንም ተዉት። ያን ደንብ የሚሰርዝ ሰው አልተገኘም።»

ሚስቱ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ ወንድሟ ይህን ለእሷም ነግሯት አያውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያፍር ነበር። ማርሻሉ ግን ጉሮሮውን ጠረገና «ድልድዩን ማን ነበር የሚጠብቀው?» አለ።

«ማርሻል፣ ዝም ይበሉ» አለች ፋርማሲስቷ።

ማርሻሉ ሁለት ቅዳሜ ሳይመጣ ቀረ። ያለ እሱ በሰላም ተጫወትን ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ክፍሏ ጭር አለችብን። በሁለተኛው ቅዳሜ ፋርማሲስቷ የአሰላለፉን ወረቀት ከግድግዳ አውርዳ «ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ያበላሸው ቁጥሩ ነው» አለች። ጋሼ እርሳስ ይዞ ተጠጋ። ድሮ ስንት መኪና በስንት መንገድ ስንት ሰው ይመግብ እንደነበር አስልቶ «በዚህ መንገድ ከዘጠኝ እግረኛና ከሁለት ታንክ በላይ አያልፍም» አለ። እሷ ጀርመንን ወደ አምስት መለሰች። ሞከርነው። ዘጠኝ ዙር ሄዶ አሸናፊ አልታወቀም፤ እንደዚያ ያለ ጨዋታ ተጫውተን አናውቅም።

ማታ ዕቃ ሳነሳ የማርሻሉን የመጀመሪያ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት። ዘጠኝ፣ ሁለት፣ አምስት። ሰውዬው ገና ሲጀምር አግኝቶት ነበር! ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ ያገኘውን ማጥፋት ነው። አልነገርኩትም። ብነግረው ማን ይችለዋል?

በሦስተኛው ቅዳሜ ምንም እንዳልተፈጠረ መጣ። አዲሱን ወረቀት አነበበ። «ጥሩ ነው፤ ሐሳቤ ገብቷችኋል» አለና ፈረንሳይን ያዘ። በሳምንቱ ወረቀቱን በራሱ ስም ጽፎ ጨዋታውን ለሚሠራው ድርጅት ላከ። ሁለት መስመር መልስ መጣለት፤ ያመሰግኑታል፣ ለወደፊቱ ያስቡበታል። ደብዳቤውን ፍሬም አስገብቶታል።

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሸኙት፤ እኛም ተጠራን። ሁለት ቃል ተናገር ቢሉት ሃያ አምስት ደቂቃ ስለ ሎሬን አወራ። ተላላኪዋ በመጀመሪያ ወጣች። ቀጥሎ ሚስቱ ጋሼን ክንዱን ይዛ ወጣች፤ ፋርማሲስቷም ሰዓቷን አይታ ተከተለቻቸው። ንግግሩን ሲጨርስ ያጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ያጨበጨብኩትም እንዳይቀጥል ፈርቼ ነው።