አሁን ስንት ኩንታል ሆነ?

ልጅ ሳለሁ፣ ኦክላንድ በነበረው አፓርታማችን በረዶ ተቆጥሮ የሚሰጥ ነገር ነበር። አያቴ፣ አባባ የምላቸው፣ ኩላሊታቸው ሥራ ስላቆመ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ይሄዱ ነበር፤ ውሃ እንደልብ መጠጣትም ተከልክለዋል። እማዬ ሳን ሆዜ አረጋውያን ወደምትንከባከብበት የማታ ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ከፍሪጁ ጥቂት በረዶ በኩባያ ታስቀምጥላቸዋለች። እሳቸውም ጥማቸውን ለማታለል አንድ አንዱን እየመጠጡ ተረት ያወሩልኛል።

ያኔ የምናበራው ከሶፋው ጎን የቆመውን አንድ መብራት ብቻ ነበር፤ አባባ ከእጥበት ሲመለሱ ስለሚበርዳቸው የማሞቂያው ሽቦ እንደ ፍም ቀልቶ እግራቸው ሥር ይቀመጣል፣ በላዩ የሚቃጠለው አቧራ ጭስ ጭስ ይላል፣ ባቡሩ ባለፈ ቁጥርም የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ተረቱ ሁልጊዜ አንድ ነው። ከስሜን ተራራ ጫፍ ጡጫ የምታህል የበረዶ ድቡልቡል ታመልጣለች። እየተንከባለለች በረዶ ትጠቀልላለች፣ ድንጋይ ትውጣለች፣ ፍየል ትውጣለች። መጀመሪያ ላይ «እሷ» ይሏታል፤ ፍየሎቹን ከዋጠች በኋላ ግን «እሱ» ይሆናል። ታች መንደር አለ፤ መንደሩ ውስጥ እኔን የምታህል ልጅ ተኝታለች። ድቡልቡሉን የሚያቆመው ክብደቱን በትክክል የገመተ ሰው ብቻ ነው።

«አሁን ስንት ኩንታል ሆነ?» ይሉኛል፣ በረዷቸውን ከጉንጭ ጉንጭ እያዞሩ።

«ሃምሳ!»

«አንቺ እስክትናገሪ ጨመረ።»

«አባባ፣ ዛት ኢዝ ኖት ፌር!»

«ፌሩን ለበረዶው ንገሪው።»

እሳቸው ይስቃሉ፣ እኔ በንዴት እጦፋለሁ። የእውነት አምኜያቸው ነበር። ትምህርት ቤት ሆኜ እንኳ ስለዚያች ልጅ አስብ ነበር። በግ ሲገዙ ወገቡን ጨብጠው ክብደቱን ሳይስቱ እንደሚናገሩ ይኩራሩብኝ ነበርና፣ መገመት የሚለመድ ነገር መስሎኝ ያገኘሁትን ሁሉ ማንሳት ጀመርኩ። እኔንም በብብቴ አንስተው «ይህቺ ለፋሲካ ትደርሳለች» ይሉኝ ነበር። በኋላ ማንሳቱ ቀረ።

አንድ ቀን ትምህርት ተዘግቶ የሚጠብቀኝ ሰው ስለታጣ እማዬ ወደ እጥበቱ ይዛኝ ሄደች። መግቢያው ላይ ሰፊ ሚዛን ነበር። አባባ ወጡበት፤ ነርሷ ቁጥሩን አይታ ፊቷን አጨፈገገች። ካለፈው ጊዜ ወዲህ አራት ኪሎ ጨምረዋል፣ ሁሉም ውሃ ነው አለች።

እማዬ ተረጎመችላቸው።

«አራት ኪሎን ከነሐውልቱ ተሸክሜ መጣሁ በያት» አሉ አባባ።

እማዬ አልሳቀችም። «አባዬ፣ ውሃ ጠጥተዋል እንዴ?»

«ኧረ በረዶ ብቻ ነው።»

«በረዶም እኮ ውሃ ነው! የምቆጥርልዎ ለምን ሆነና?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ያኔ ነው መፍራት የጀመርኩት።

የዚያን ዕለት ማታ አባባ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ፤ «አሁን ስንት ኩንታል ሆነ?»

«ካለፈው ጊዜ አራት ጨመረ» አልኳቸው።

አፋቸው ውስጥ ያለው በረዶ ቆመ።

«አወቅሽው።»

«ታዲያ ይቁም! ያወቀ ያቆመዋል ብለዋል እኮ!»

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «እሱን ያልኩሽ ቶሎ ተኝተሽ ብቻዬን እንዳትተዪኝ ነው።»

አለቀስኩ። ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ፤ ድቡልቡሉ መንደሩ ጋ ሳይደርስ፣ ልጅቷም ሳትነቃ።

ዛሬ እማዬ ናት እጥበት የምትሄደው። በሽታው በዘር ይወርዳል አሉን። ከኤመሪቪል፣ ከቢሮዬ፣ እየወጣሁ እኔ ነኝ የማመላልሳት። አባባ ተስፋ የሚባል ነገር ትተውልኝ እንደሆነ ብዙ ፈልጌያለሁ፤ ያገኘሁት መገመትን ብቻ ነው። እማዬ ጫማዋን አውልቃ ወደ ሚዛኑ ስትጠጋ፣ ያበጠ ቁርጭምጭሚቷን አይቼ ቁጥሩ ከመታየቱ በፊት በልቤ እናገራለሁ። ዛሬ ጠዋት ሦስት ኪሎ ጨምራለች አልኩ፤ ሦስት ሆነ። ስትወርድ ክንዴን ይዛ «ማታ ትመጫለሽ አይደል?» አለችኝ። እመጣለሁ አልኳት። ግምቴን ብዙ ጊዜ አልስትም። ድቡልቡሉ ግን አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም።