ለእትዬ መስኮት የቀረበ ማመልከቻ

እትዬ መስኮት አንድ ማክሰኞ ቆመው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጠመኔው እጃቸው ላይ እንዳለ፣ ፊታቸውን ወደ ጥቁር ሰሌዳው እንዳዞሩ ነው። «ሕግ አውጪ» ብለው ጽፈው ጨርሰዋል፤ ከሥሩ «ሕግ አስፈጻሚ» ሊሉ «ሕግ አስ» ላይ ሲደርሱ ግንባራቸው ሰሌዳውን ተደገፈ። ከኋላቸው ዐሥራ ሰባት ጎልማሳ ተማሪ ተቀምጧል። አንዱ አግዳሚውን ሲያንቋቋው ከመካከላቸው አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ዞሮ ገላመጠውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ኧረ ቀስ! ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ነው» አለ።

ያኔ ነው ሳቁ ያመለጣቸው። እትዬ መስኮት ነቁ። ግንባራቸው በጠመኔ ነጥቶ፣ «የት ደርሰን ነበር?» አሉ።

«አስፈጻሚው ጋ ስንደርስ ቆመ፤ እንደተለመደው» አላቸው ያው ቧንቧ ሠራተኛ።

እሳቸውም አብረው ሳቁ። ግን ይህንን ሲያጫውቱኝ፣ «የሳቅኩት ለእነሱ ብዬ ነው፤ እኔስ ዕንባዬ ነበር የመጣው» ብለውኛል።

እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ አሁን በዚያ ስም የሚጠራቸው የለም እንጂ። የጎልማሶች መምህር ናቸው። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሕፃናቱ ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ የሁለተኛ ክፍል መማሪያ ውስጥ ይገባሉ። መንግሥት በምን እንደሚቆም፣ ግብር የት እንደሚገባ፣ ዋጋ ለምን እንደሚወጣ፣ ሥራ ውሎ ለመጣ ሰው ያስረዳሉ። አግዳሚው የተሠራው ለሰባት ዓመት ልጅ ነው። የትልልቆቹ ሰዎች ጉልበት ዴስኩ ሥር አልገባ ስለሚል ሁሉም ወደ ጎን ዞሮ ይቀመጣል፤ ከሩቅ ሲያዩዋቸው አውቶቡስ የሚጠብቁ ይመስላሉ።

«መስኮት» የሚለው ቅጽል ስም የመጣው ከማስተማሪያ ዘዴያቸው ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ከፈረሰ ቤት የተገኘ፣ መስታወት የሌለው የመስኮት ፍሬም ቆሟል። አንዱ ተማሪ ባለሥልጣን ሆኖ ከኋላው ይቀመጣል፤ ሌላው ባለጉዳይ ሆኖ ከፊቱ ይቆማል። ፍሬሙን ያመጣውም ያቆመውም ቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ አውቆ ዝቅ አድርጎታል። «ከፍ አድርገው እንጂ፣ ወገባችን ተቀነጠሰ!» ሲሉት፣ «የእውነተኛውስ? ሳታጎነብሱ የሰማችሁ አለ?» ብሎ መለሰላቸው።

ባለጉዳዩ አራት ጥያቄ ሳይጠይቅ ከመስኮቱ መነሣት ክልክል ነው። የሚወስነው ማን ነው? መልሱ መቼ ነው? ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኛል? መቀበልዎን ይፈርሙልኛል? እትዬ መስኮት ሌላው ትምህርት ሁሉ ቢረሳ ግድ የላቸውም፤ እነዚህ አራቱ ግን ተማሪው በእንቅልፍ ልቡ እንኳ እንዲላቸው ይፈልጋሉ።

ታዲያ ባለጉዳይ መሆን የሚወድ የለም፤ ሁሉም የሚሻማው ከኋላ ለመቀመጥ ነው። በባለሥልጣንነት ደግሞ የሆስፒታሉን ልብስ አጣቢ የሚስተካከላት አልተገኘም። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታሽ ውላ በሶዳ የተላጠ እጇን እያየች፣ ቀና ሳትል «ነገ ተመለስ» ስትል ያስፈራል። «ይኼን ሁሉ ከየት ተማርሽው?» ቢሏት፣ «ሃምሳ ዓመት ስከለከል ምን ስሠራ የኖርኩ መሰላችሁ?» አለች። የዋጋ ንረት የተማሩ ዕለትም ሌላው ግራ ሲጋባ እሷ ነች የገባት። «የእኛ ግቢ ሳሙና ዋጋው አልጨመረም፤ ሳሙናው ነው የከሳው» ብላ ነገሩን ጨረሰችው። በተቃራኒው የባንኩ ጥበቃ ሁልጊዜ ባለጉዳይ ነው። መስኮቱ ፊት ሲደርስ ቆቡን ያወልቃል፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አራቱንም ጥያቄ ይረሳል።

እንዲህ እያሉ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት። እግራቸው ማበጥ ከጀመረ ግን ቆይቷል። ባለቤታቸው ከማተሚያ ቤት ጡረታ የወጡ የእርሳስ ፊደል ለቃሚ ናቸው። ጆሯቸውን የማተሚያው ማሽን ስለበላው የሚያወሩት በጩኸት ነው፤ የቤቱን ምሥጢር ሰፈሩ እኩል ያውቀዋል። «አንቺ ሴትዮ! መንግሥት ያላንቺም ውሎ ያድራል!» ሲሉ ማዶ ያለው ሱቅ ድረስ ይሰማል።

የትምህርት መምሪያው በየዓመቱ አንድ ቅጽ ይልክላቸዋል። ሁለት ሣጥን አለው፤ «ይቀጥላል» እና «አይቀጥልም»። ከሥር «ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር አለ። እትዬ መስኮት ዐሥራ ስምንት ጊዜ «ይቀጥላል» ላይ ምልክት አድርገዋል። በዚያ ቆመው ባንቀላፉበት ሳምንት ግን ሰኞ ዕለት ጫማቸው እግራቸው ላይ አልወጣ አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ግማሽ ሰዓት ከማሰሪያው ጋር ከታገሉ በኋላ ቅጹን ከቦርሳቸው አወጡ፤ «አይቀጥልም» ላይ ምልክት አደረጉ፤ ምክንያቱን ባዶ ትተው ፈረሙ። በነጠላ ጫማ ሄደው ሰጡ። ወጣቱ የመምሪያ ኃላፊ ሳያነበው ማኅተሙን ረገጠበት።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ክፍሉ በወሩ መጨረሻ እንደሚዘጋ። ተማሪዎቹ ቆመው ፊደል በፊደል አነበቡት።

«መንግሥት ዘጋን!» አለ ቧንቧ ሠራተኛው።

እትዬ መስኮት ሊናገሩ ነበር። አፋቸውንም ከፍተዋል። ግን የባንኩ ጥበቃ ወንበር ይዞላቸው ሮጠና፣ «አይዞዎት እትዬ፣ ዝም ብለን አናይም። እርስዎ ብቻ አይጨነቁ» አላቸው። ከዚያ በኋላ እንዴት ይናገሩ? አልዋሹም፤ ዝም ብቻ አሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በመስኮቱ ፊት የይግባኝ ልምምድ ሲደረግ፣ ያ ምስኪን የመምሪያ ኃላፊ በሌለበት ሲብጠለጠል፣ እሳቸው የሕፃናቱ ሥዕል ወደተለጠፈበት ግድግዳ እያዩ ተቀመጡ። «ማታ ስተኛ የማየው የዚያን ልጅ ፊት ነው» አሉኝ።

በሁለተኛው ሐሙስ ልብስ አጣቢዋና ጥበቃው አረፈዱ። ሲመጡም ፊታቸው ሌላ ነው። የሄዱት እውነተኛው ቢሮ፣ እውነተኛው መስኮት ጋ ነበር። ጥበቃው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆቡን ሳያወልቅ፣ «የሚወስነው ማን ነው?» ብሎ ጠይቋል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ተሰላችታ ፋይሉን ገልብጣ አሳየቻቸው፤ «ይኸው፤ የራሳችሁ መምህር ናቸው። እኛን ምን አድርጉ ነው የምትሉን?» ፊርማውን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በየደብተራቸው ላይ ያለው ነው።

ልብስ አጣቢዋ አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር ይላሉ እትዬ።

«እትዬ፣ ዛሬ ከኋላ እርስዎ ይቀመጡ» አለች።

ተቀመጡ። እሷ ከፊት ቆማ አጎነበሰች።

«ጤና ይስጥልኝ።»

«አብሮ ይስጥልኝ፤ ምን ነበር?»

«ማመልከቻ ላስገባ ነው።»

«ለማን?»

«የሚወስነው ማን እንደሆነ ጠይቀን ነው የመጣነው። ለእርስዎ ነው።»

ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት በፍሬሙ ሥር አሳለፈችላቸው። «ለእትዬ መስኮት። ጉዳዩ፦ የዘጉብንን ክፍል ይመለከታል» ይላል። ነገሩ ያልገባቸው ተማሪዎች እርስ በርስ ሲተያዩ ጥበቃው በአጭሩ ነገራቸው። ቧንቧ ሠራተኛው እንኳ ቀልድ አጣ።

«መልሱ መቼ ነው?» አለች።

«ማክሰኞ።»

«ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኛል?»

«ይሰጥሻል።»

«መቀበልዎን ይፈርሙልኝ።»

ፈረሙላት። አየት አደረገችውና፣ «ይቺን ፊርማስ አውቃታለሁ» ብላ ቀና አለች። ወገቧን ይዛ።

ቅዳሜና እሑድ እትዬ መስኮት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ሲጽፉና ሲቀድዱ ዋሉ። «በበጀት እጥረት ምክንያት» ብለው ጻፉ፤ ሰረዙት፤ በጀት የሚባል ኖሮ አያውቅም፣ ጠመኔውን የሚገዙት ራሳቸው ናቸው። «በክፍል ጥበት» አሉ፤ ክፍሉ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ባዶ ነው። «ከበላይ አካል በተሰጠ መመሪያ» ብለው ሲጽፉ ግን እጃቸው ቆመ። ይህችን ሐረግ ተማሪዎቻቸው ሲሰሟት «የማን የበላይ?» ብለው እንዲጠይቁ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ባለቤታቸው በላያቸው አጎንብሰው ያነብባሉ፤ የቆየ ልማዳቸው ነው፣ ጽሑፍ ካዩ ሳያርሙ አያልፉም።

«እውነቱ ስንት ቃል ነው?» ብለው ጮኹ።

«አንድ።»

«እና አንዷን ጻፊያታ! አርባ ዓመት ፊደል ስለቅም ቃል ሲበዛ የማየው ሰው ሲሸሽ ነው!»

ከማዶ ባለሱቁ፣ «እውነታቸውን ነው እትዬ!» አለ።

ሰኞ መጀመሪያ የሄዱት ወደ መምሪያ ኃላፊው ነው። «ልጄ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ በእኔ ጥፋት ስትሰደብ ከረምክ። ይቅር በለኝ» አሉት።

«ማነው የሰደበኝ?»

«ሕዝብ።»

«ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው እናቴ?» አለና ወንበር ሳበላቸው። ስለ ቅጹም ጠየቁት። እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ከመጣ የፊተኛው እንደሚሻር ነገራቸው። «ብቻ ምክንያት የሚለውን ባዶ አይተዉት፤ ወቀሳው ለእኔ ነው የሚተርፈኝ» አላቸው።

ማክሰኞ ደረሰ። መልሱን ቆመው አነበቡት። «ውሳኔ፦ ክፍሉ ይዘጋል። ምክንያት፦ ደክሞኛል። ይህንን ሳልነግራችሁ በመቅረቴ፣ ጥፋቱም የሌላ ሰው መስሎ እንዲታይ በመተዌ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ከሥሩ ቀን፤ ከቀኑ ሥር ፊርማ።

«ድካም ሕጋዊ ምክንያት ነው እንዴ?» አለ ቧንቧ ሠራተኛው፤ ለቀልድ አልነበረም።

«ካልሆነስ?» አለው ጥበቃው። «እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ደክሞኛል ብዬ የምጽፍለት ሰው ባገኝ ዛሬውኑ ነበር የምጽፈው።»

ልብስ አጣቢዋ ተነሥታ ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀበለች። ደግማ አነበበችው፣ ጣቷን ከቃል ቃል እያስኬደች። «ስንቱ ከልክሎኛል መሰላችሁ» አለች። «ቤት ተከልክያለሁ፤ ዝውውር ተከልክያለሁ። ምክንያቱን ጽፎ፣ ፈርሞ በእጄ የሰጠኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።» አራት አጠፈችና ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። እትዬ መስኮት አለቀ ብለው ቦርሳቸውን ሊያነሡ ሲሉ፣ «ቆይ፣ ይግባኝ አለኝ» አለች።

«ለማን?» አሉ እትዬ።

«ለእነዚህ» አለች፤ ወደ አግዳሚዎቹ እያሳየች። «ሐሙስ ይቅር። ማክሰኞ ይቀጥል። መስኮቱን እኔ እይዛለሁ፤ ሰሌዳው ላይ ጥበቃው ይጽፋል። እርስዎ ቁጭ ይበሉ፤ ስንሳሳት ብቻ ይናገሩ።»

«ስትሳሳቱ ብቻ ከሆነ መች ላርፍ ነው?»

ሳቁ። ድምፅ የሰጡት ግን እንደተማሩት ነው፣ በቁራጭ ወረቀት፣ በጥበቃው ቆብ ውስጥ። ዐሥራ አንድ ደገፉ፤ አምስት ተቃወሙ፤ አንዱ ባዶ ወረቀት ጣለ። ከአምስቱ አንዱ ቧንቧ ሠራተኛው ነበር። «ሰው ደከመኝ ሲል ይተዋል እንጂ በምን ሒሳብ ነው የዕረፍታቸውን ግማሽ የምንወስድባቸው?» አለ። እትዬ መስኮት ይህንን ሲሰሙ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ቢሆንም ድምፅ ድምፅ ነው። በማግሥቱ አዲስ ቅጽ ሞሉ፤ «ይቀጥላል» አሉ፤ ምክንያት በሚለው ላይ «በተማሪዎች ይግባኝ» ብለው ጻፉ። ኃላፊው ይኼኛውን ግን አነበበው።

እግራቸው አልዳነም። ሐሙስ ስለቀረ ከተማሪው ሰባቱ መምጣት አቁመዋል፤ ቧንቧ ሠራተኛው ግን እየተነጫነጨ ይመጣል። ባለፈው ማክሰኞ እትዬ ጫማቸውን አውልቀው እንደሌላው ወደ ጎን ዞረው በሕፃን አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ልብስ አጣቢዋ ከመስኮቱ ኋላ ሆና፣ «ቀጣይ!» አለች። የተነሣ የለም።

«ቀጣይ ብያለሁ! እትዬ፣ እርስዎ ነዎት።»

ዴስኩን ተደግፈው ተነሡ፤ በካልሲያቸው ሄደው አጎነበሱ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲያስተምሩ ከዚህኛው ወገን ቆመው አያውቁም። ፍሬሙ እውነትም ዝቅ ያለ ነው።

«ጉዳይዎ?»

«ዐሥር ደቂቃ ማረፍ ፈልጌ ነበር።»

«ማመልከቻ አስገብተዋል?» አለች፤ ጥፍሯን እያየች።

«አላስገባሁም።»

«ነገ…» ብላ ጀመረችና ቀና አለች። ፊታቸውን አየችው። «ይሂዱ፣ ይረፉ። ምክንያቱን እኔ እጽፍልዎታለሁ።»

ጥበቃው ጃኬቱን አጥፎ አግዳሚው ላይ አደረገላቸው። ከዚያ ጠመኔውን አነሣ። «ሕግ አውጪ» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም «ሕግ አስፈጻሚ» ብሎ እስከ መጨረሻው ጻፈው። ትክክል እንደሆነ ለመጠየቅ ዞር ሲል እትዬ መስኮት ተኝተዋል።