የሙዘይን ሰማያዊ ቁርጥራጮች

የሐይቅ ከተማው አሣ አጥማጅ ሙዘይን ጉልበቱ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ቤት መዋል ጀምሯል። ጅዳ ያለችው ልጁ ሰሚሃ አንድ ፎቶ አስቆራርጣ፣ ቁርጥራጩን "ገጣጥመው" ብላ በሰው ላከችለት። ሙዘይን ሰማያዊ የሆነውን ሁሉ ውሃ ነው ብሎ ከታች ደረደረው፤ ከሌላው ጋር ግን አልገጥም አለው።

"ጋሽ ሙዘይን፣ ሰማይ ቢሆንስ?" አለችው ጎረቤቱ ተሻለች።

"ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ላይ ኖሬ ውሃ ይጠፋኛል?" ብሎ ጮኸባት።

እሷ ስትወጣ ግን ሰማያዊውን ቀስ ብሎ ወደ ላይ አዞረው። ገጠመ። ከሥሩ ሰሚሃ ብቅ አለች፤ ሻንጣዋን አጠገቧ አቁማ፣ የአውሮፕላን ትኬቷን ከፍ አድርጋ ይዛ ትስቃለች።

ሙዘይን እያነከሰ ደጅ ወጣ።

"ተሻለች! ልጄ ልትመጣ ነው!" ብሎ ተጣራ። ሮጣ ስትመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ወላሂ፣ ሰማይ ነው" አላት።